አብነትና ግልባጭ፤ በብቸናና በሞጣ አገር

ባለፈው ክረምት በብቸና ከተማ፣ ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ አንድ ጠባብ የኮምፒዩተር መጠገኛ ቤት ዝናቡ እስኪያባራ ተጠልዬ ሳለሁ፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ አረጋዊ መሪጌታ እንደ ዳዊት ማኅደር በትከሻቸው ካነገቱት ቦርሳ ውስጥ ያረጀ ላፕቶፕ አውጥተው በጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ወጣቱ ባለሙያ ተነሥቶ ጉልበት ከሳመ በኋላ ክዳኑን ከፍቶ ተመለከተና፣ «የኔታ፣ ዲስኩ ሞልቷል፤ 500 ጊጋ ነው፣ የቀረው ሁለት ጊጋ አይሞላም» አላቸው። እሳቸውም ከዐሥር ዓመት በላይ በየአድባራቱ እየዞሩ ያነሷቸው የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፎችና ተማሪዎቻቸው ሲያዜሙ የቀዱት ድምፅ ሁሉ በዚያ ውስጥ እንዳለ ገልጸው፣ ከባሕር ዳር ያስመጡትን ባለ 1 ቴራባይት አዲስ ዲስክ ከነማሸጊያው እየሰጡት፣ «ልጄ፣ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል እንዳለ ወደዚህ ይዛወርልኝ» አሉት።

ልጁም ፋይሎቹን ብቻ ኮፒ ቢያደርግ ፎቶግራፉና ድምፁ እንደሚሻገሩ፣ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበው ክፍል፣ የዲስኩ አከፋፈል የተመዘገበበት ሰንጠረዥና ዊንዶውሱ የሚነሣበት ሥርዓት ስለሚቀሩ ማሽኑ እንደማይነሣ አስረዳቸውና፣ «ስለዚህ ክሎን ነው የምናደርገው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዳለ» አለ። የኔታ ጥቂት ዝም ብለው፣ «እርሱማ የቁም ጸሐፊ ሥራ ነዋ! አብነቱን ከፊትህ ታኖራለህ፣ ከአርእስቱ እስከ ማብቂያው ትገለብጣለህ» አሉት።

ይህ ቃል በማን አገር እንደ ተነገረ የሚያውቅ ሰው አይደነቅበትም። ከብቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ደብረ ወርቅ ማርያም ትገኛለች፤ ከመንገዱ ወደ ምሥራቅ ገባ ሲሉ እቴጌ እሌኒ ያሠሯት መርጡለ ማርያም፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ሲዘልቁ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ የወይዘሮ ወለተ እስራኤል ስም እስከ ዛሬ የሚነሣባት ሞጣ አለች። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው ያደጉ ሲሆኑ፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም የዲማን ስም በትምህርት ቤት ደጃፍ ላልደረሰው ሰው ሁሉ አሰምቶታል፤ መጽሐፉ ራሱ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ተነብቦ፣ ከወረቀት ወደ ክር፣ ከክርም ዛሬ በየስልኩ ወደሚደመጠው ፋይል ተገልብጦ መኖሩ ከያዝነው ነገር የራቀ አይደለም።

በእነዚህ አድባራት መጽሐፍ የሚኖረው በመገልበጥ ነበር። ብራና ጠንካራ ነው፤ ሆኖም እሳት፣ ጢስ፣ አይጥ፣ የጣራ ፍሳሽና ጦርነት ይጨርሱታል። በግራኝ አሕመድ ጦርነት፣ ይኸውም ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. ባለው ዘመን፣ መርጡለ ማርያምን ጨምሮ ስንት አድባራት ከነመጽሐፍ ቤታቸው እንደ ተቃጠሉ የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከዚያ መከራ በኋላ የተረፈው ትምህርት የተረፈው፣ በአንዱ ደብር የነደደው መጽሐፍ በሌላው ደብር ግልባጩ ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ ከአንድ በላይ ቅጂ ማኖር ዛሬ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ለደንበኞቻቸው የሚሰጡት ምክር ከመሆኑ አስቀድሞ የገዳማት ሥርዓት ነበር።

ሥራው በፍየል ቆዳ ይጀምራል። ቆዳው በውሃ ተዘፍዝፎ ከሰነበተ በኋላ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር ይወጠራል፤ ሥጋው ይፋቃል፣ ጠጉሩ ይላጫል፣ በሻካራ ድንጋይ እየታሸም ይለሰልሳል። ሲደርቅ በልክ ይቈረጥና በወስፌ ዳር ዳሩ ተበስቶ፣ ያለ ቀለም በዱልዱም ብረት ይሰመራል፤ መስመሩ ዐይን በቅጡ የማያየው፣ ጣት ግን የሚያውቀው ሥርጉድ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቈላ እህልና ከቅጠል ተቀምሞ ለብዙ ጊዜ ሲብላላ ይቈያል። ጸሐፊው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ብራናውን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ አብነቱን ከጎኑ አድርጎ፣ ከመቃ የተቀረጹ ሁለት ብርዖች ይይዛል፤ አንዱ ለጥቁሩ፣ ሁለተኛው ለአርእስቱና ለቅዱሳን ስም ለሚሆነው ቀይ ቀለም ነው። ብዙ ጸሐፍት በጥቁሩ ሲጽፉ የቀዩን ስፍራ ባዶ እየተዉ ያልፉና ኋላ ተመልሰው ይሞሉታል፤ በአንዳንድ መጽሐፍ ግን ያ ስፍራ እስከ ዛሬ ባዶውን ቀርቷል። ጸሐፊው ሞቶ ይሁን ቀለሙ አልቆ ማንም ሊናገር አይችልም፤ እኔ እንዲህ ያለውን ባዶ ስፍራ ባየሁ ቍጥር የሰውየው እጅ እዚያው ላይ ያረፈች ይመስለኛል።

ዐዋቂ ጸሐፊ ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው የዐይንን መዝለል ነው። አንድ ቃል በሦስት በአራት መስመር ርቀት ሁለት ጊዜ ሲመጣ፣ ከፊተኛው ጽፎ ወደ አብነቱ ሲመለስ ዐይኑ በኋለኛው ላይ ያርፍና በመካከል ያለው ሁሉ ይዘለላል፤ ዐረፍተ ነገሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጕድለቱን ሳያሳብቅ ሰምሮ ይነበባል። ፮ም በቀላሉ ፯ ትሆናለች። ስለዚህ መጽሐፍ ተጽፎ ማለቁ ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ከአብነቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ፣ ሌላው በግልባጩ ላይ በጣቱ እየተከተለ፣ መጽሐፉን በቃላቸው የሚያውቁ የኔታም እያዳመጡ ይታረማል። የተዘለለው በመስመሮቹ መካከል በደቃቅ ፊደል፣ ወይም በኅዳጉ በምልክት ይገባል፤ የተሳሳተውም በቢላዋ ይፋቃል። የተፋቀ ብራና ሻካራ ስለሚሆን እርማት ያለበትን ቦታ የዳሰሰ ሰው ዐይኑን ጨፍኖም ቢሆን ያገኘዋል።

በዚህ አገር ግን ከመጽሐፉ ቃል ሌላ መገልበጥ ያለበት ነገር አለ፤ እርሱም ኅዳጉ ነው። የጉልት ስጦታ፣ የርስት ሽያጭ፣ የውርስ ክፍፍል፣ የዳኛውና የምስክሮቹ ስም፣ ቃሉን በሚያፈርስ ላይ የሚወድቀው ግዝት፣ ይህ ሁሉ በወንጌሉ ኅዳግና ባዶ በተተዉት ቅጠሎች ላይ ይጻፍ ነበር። በሞጣ አካባቢ የሚገኘው የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም የጎንደር ዘመን የመሬት ስጦታን፣ ዶናልድ ክራሚ የተባሉት የታሪክ ምሁር ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተው ያወጡት፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ተጠብቆ በመኖሩ ነው። ከመጽሐፉ ቃል ይልቅ ኅዳጉን የሚሻ ባለ ጉዳይ ብዙ ነበር፤ ቃሉ በሌላ ደብር ይገኛል፣ የአያቱ ርስት የተጻፈበት ኅዳግ ግን አንድ ብቻ ነው። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የብቸናና የሞጣ ገበሬ ባመፀ ጊዜ መሬት ሊለካ ነው የሚለው ወሬ ያን ያህል ያስቈጣው፣ ርስትን የሚያስረዳው የአባቶች ቃልና የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ እንጂ የመንግሥት ገመድ አይደለም የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ጭምር ይመስለኛል።

እንግዲህ አሮጌ ወንጌል ሲጎሳቈል ወደ ሰፊ ብራና የሚገለብጠው ጸሐፊ ሁለት መንገድ ነበረው። ወንጌሉን ብቻ ገልብጦ ኅዳጉን ቢተው መጽሐፉ ለቅዳሴ ይበቃል፤ ደብሩ ግን ዳኛ ፊት ድዳ ይሆናል። ኅዳጉንም ስፍራ ስፍራውን አስይዞ ቢገለብጥ፣ ያውም አዲሱ ብራና ሰፊ በመሆኑ ለሚመጣው ትውልድ ባዶ ቅጠል ቢተርፍ፣ ደብሩ ከነማስረጃው ይሻገራል። የኔታ ከልጁ አፍ «ክሎን» የሚለውን ሲሰሙ ወዲያው የተረዱት ይህን ያወቁ ስለ ነበሩ ነው።

ማተሚያ የመጽሐፉን ቃል አበዛ እንጂ ኅዳጉን አልነካውም፤ ዳዊት በግእዝ ሮም ላይ በ1513 እ.ኤ.አ. ታትሞ ሳለ የጎጃም ጸሐፍት ከአራት መቶ ዓመት በላይ በብርዕ መጻፋቸውን ቀጥለዋል። ኅዳጉን ከቃሉ ጋር ያሻገረው ፊልም ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የቤተ ክህነትና የባህል ሹማምንት ከሁለት የአሜሪካ ተቋማት፣ ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ካለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር ሆነው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ፤ ሥራው አብዮቱን አልፎ ወደ 9,000 የሚደርሱ መጻሕፍት ተነሡ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በአብዮቱ መጀመሪያ በጥይት ቈስለው ከአገር ከወጡ በኋላ በዚያው በሚኒሶታ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ መጽሐፍ ምን እንደያዘ በዝርዝር እየጻፉ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። ይህን ያህል ትጋት ለአገሩ መጽሐፍ የሰጠ ሰው በሕይወቴ አላውቅም።

ዲስክ ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ልጅ ነው። አይቢኤም የተባለው ኩባንያ በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ባለ ዲስክ ኮምፒዩተር፣ ወርዳቸው 61 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 50 ዲስኮች ተደራርበውበት የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ነበር፤ የኔታ የሚያነሡት የአንድ ገጽ ፎቶግራፍ ብቻውን 25 ሜጋባይት ያህል ስለሚሆን፣ ያ ታላቅ መኪና አንዱን ገጽ እንኳ ባልቻለ ነበር። ባለ 150 ቅጠል መጽሐፍ 300 ገጽ ነው፤ ይህም 7.5 ጊጋባይት ይሆናል፤ ስለዚህ 500 ጊጋ ያለው ዲስክ ስድሳ አምስት ያህል መጽሐፍ ይዞ ይሞላል። ዲስክን እንዳለ የመገልበጡን ጥበብ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰፊው ያስለመደው የኒው ዚላንዱ ሰው ሙሬይ ሃዛርድ የሠራው «ጎስት» የተባለ ፕሮግራም ሲሆን፣ ዛሬ ብዙዎች ከታይዋን የመጣውንና በነፃ የሚገኘውን «ክሎንዚላ» ይጠቀማሉ። «ኢንተርኔት ላይ አስቀምጡት» የሚለው ምክር በዚህ አገር ምን ያህል እንደሚያዛልቅ ደግሞ፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ሁሉም አይቶታል።

ወደ ብቸናው ቤት ልመለስ። ልጁ አዲሱን ዲስክ በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አያይዞ ፕሮግራሙን ከፍላሽ ካስነሣ በኋላ፣ የትኛው ሰጪ የትኛው ተቀባይ እንደ ሆነ የሚጠይቀው መስኮት ላይ ሲደርስ እጁን አነሣ። «የኔታ፣ እዚህ ላይ ከተሳሳትን ባዶው በሙሉው ላይ ይገለበጥና ሁሉም ይጠፋል» አለ። እሳቸውም ሁለት ቍራጭ ፕላስተር አስቈርጠው፣ እስክሪብቶ ተቀብለው በቁም ጽሕፈት በአንዱ ላይ «አብነት»፣ በሁለተኛው ላይ «ግልባጭ» ብለው ጻፉ። ልጁ አንዱን በላፕቶፑ ጎን፣ ሁለተኛውን በአዲሱ ዲስክ ላይ ለጥፎ፣ ስሞቹን ከመስኮቱ ጋር ሁለት ጊዜ አስተያይቶ ጀመረ። በሰከንድ 100 ሜጋባይት ያህል ይሄድ ስለ ነበር አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ በመካከሉ መብራት ሄደ፣ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ቀጠለ፤ የኔታም ዐይናቸውን ከሚሞላው መስመር ላይ ሳይነቅሉ ዳዊታቸውን በቃላቸው ይደግሙ ነበር።

ሲያልቅ አዲሱ ዲስክ እንደ አሮጌው 500 ጊጋ ብቻ አሳየ፤ ልጁ የተረፈውን ባዶ ስፍራ ከክፍሉ ጋር አዋህዶ አሰፋውና ብሎኑን ፈትቶ አሮጌውን በአዲሱ ተካው። ላፕቶፑ ተነሣ። የኔታ አንድ ፎቶግራፍ አስከፍተው አጕልቶ እንዲያሳያቸው ጠየቁ፤ ልጁ ወደ ወንጌሉ ቃል ሲያመራ፣ «ወደ ዳሩ፣ ወደ ዳሩ» አሉት። በኅዳጉ ላይ በደቃቅ ፊደል የተደረደሩትን የምስክሮች ስም አንድ በአንድ አንብበው ሲጨርሱ፣ አሮጌውን ዲስክ በመሐረባቸው ጠቅልለው፣ «አብነት» የሚለውን ፕላስተር ከላፕቶፑ ጎን ልጠው በላዩ ለጠፉበትና ወደ ቦርሳቸው ከተቱት።