ካዎ ጦና የተሸነፉት በጠመንጃ ብቻ ነው?

ወላይታ በ1887 ዓ.ም. ለምን ወደቀ? እዚህ ቤሌ ሽማግሌውንም ወጣቱንም ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ «ጠመንጃ ስላልነበረን»። መልሱ ስህተት አይደለም፤ ግማሽ ነው እንጂ።

አሜሪካዊው ጄምስ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፉ ሴልም፣ ሰውም፣ ድርጅትም፣ ሀገርም የሚኖሩበት መንገድ ተመሳሳይ ነው ይላል። ሁሉም የሚከልል ቆዳ፣ ምግብ የሚያስገባ አፍ፣ ወሬ የሚያደርስ ነርቭ፣ የሚወስን ጭንቅላት ይፈልጋሉ። ሠራዊትንም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል።

የወላይታ ቆዳ ጠንካራ ነበር። የድንጋይ ካብ ነበረው፣ ጥልቅ ጉድባ ነበረው፣ በምዕራብ ደግሞ ኦሞ አለ። ቀደም ሲል የመጡ ዘማቾች ሳይሳካላቸው ተመልሰዋል። የጎደለው አፉ ነበር። ጠመንጃ የሚመጣው ከባሕር ነው፤ ዐፄ ምኒልክ ሐረርን በ1879 ከያዙ ወዲህ መንገዱ በእጃቸው ነው። የካዎ ጦና ጎረቤቶች አንድ በአንድ ገብረው ነበር፤ የጅማው አባ ጅፋር እንዲያውም አብረው ዘምተዋል። ጠላትን የከለከለው ጉድባ ጠመንጃ ሊያስገባ አይችልም።

የዘማቹስ ሆድ? ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ክፉ ቀን የደጋውን በሬ ጨርሶ ገበሬውን አራቁቶት ነበር። ወታደሩ ደግሞ የሚበላው ከገበሬው ነው። ወላይታ ከብት ነበረው። አብሮ የዘመተው ፈረንሳዊ ቫንደርሄም ለንጉሠ ነገሥቱ ድርሻ ብቻ 18,000 ከብትና 1,800 ባሪያ እንደደረሰ ጽፏል። በሚለር አነጋገር ይህ ሁሉ «ግብዓት» ነው። ሰውን ከከብት ጋር በአንድ ቃል መቁጠር ግን እኔ አልችልም፤ ንድፈ ሐሳቡ እዚህ ላይ ይጠበኛል።

ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። የሚወስነው ጭንቅላት እሳቸው ነበሩና ውጊያው በዚያው አበቃ።

«ጠመንጃ ነው የወሰነው» ለሚል ሰው ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ጣሊያን ጠመንጃም መድፍም ይዞ ለምን ተሸነፈ? ጥር 1888 መቀሌ ምሽግ ውስጥ የነበረው ጦር የምንጩ ውኃ ተይዞበት በጥም እጁን ሰጠ። ዐድዋ ላይ 56 መድፍ ነበራቸው፤ ሆኖም ካርታቸው የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ አሳስቶ ስላሳያቸው አልቤርቶኔ ከሌሎቹ ተነጥሎ ርቆ ሄደ፤ ብርጌዶቹ መደማመጥ አቃታቸው። ነርቩ ተበጠሰ ማለት ነው።

የምኒልክም ጦር ስንቁ እያለቀ ነበር። ባራቲዬሪ የራሱም ስንቅ አልቆበት፣ ሮምም ወጥራው ነው የካቲት 22 ሌሊት የተነሣው። ጥቂት ቀን ቢቆይ ኖሮ ያ ትልቅ ሠራዊት ምግብ ፍለጋ ይበተን ነበር።