ጠቋሚ ምርመራ፦ ስለ አንድ የፎረንሲክ ቃል

«ግምታዊ የደም ምርመራ» የሚል ሐረግ በትርጉም ሥራዎች ውስጥ እየተለመደ መጥቷል። እንዴት እንደተፈጠረ ለመገመት አያስቸግርም፦ የባዕዱ ቃል (የእንግሊዝኛው presumptive) ሥር በሕግ መጻሕፍታችን «ግምት» ተብሎ ስለተተረጎመ፣ ተርጓሚው ቅጽል አበጅቶለት አለፈ። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሕግ አማርኛ ግምት ጉልበት ያለው ቃል ነው፤ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው የሚለው የሕግ ግምት፣ «አይደለም» ባዩን «እንግዲያው አስረዳ» ብሎ ሸክሙን ይጭንበታል። በገበያ አማርኛ ደግሞ ግምት በዓይን መዝኖ ዋጋ መቁረጥ ነው። እንግዲህ ሸሚዝ ላይ ስለተገኘ ቡናማ እድፍ «በግምታዊ ምርመራ ደም ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ወረቀት ችሎት ቢቀርብ፣ አንዱ ባለሙያው በመሰለኝ ሠራው ይላል፤ ሌላው ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ደም ነው ብሎ ይይዘዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ያሳሳታቸውም ቃሉ ነው።

ምርመራው ራሱ ሥርዓት ያለው ኬሚስትሪ ነው። ካስል-ሜየር በሚባለው ዘዴ እድፉ በጥጥ ይታበስና ቀለሙ እንዲጠፋ የተደረገ ፌኖልፍታሊን ይንጠባጠብበታል፤ ቀጥሎ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጨመራል። ደም ካለ ጥጡ በሰከንዶች ውስጥ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ፐርኦክሳይዱ ሳይነካው ከቀላ ግን ውጤቱ አይያዝም፤ ሌላ ነገር አቅልቶታልና። ቀለሙን የሚያወጣው ሄሞግሎቢን ለውጡን ስለሚያፋጥን ነው፤ ይህንኑ መዳብም፣ ድንች ውስጥ ያለ ኢንዛይምም ሊያደርገው ይችላል። የበግ ደምም ቢሆን ከሰው ደም እኩል ያቀላዋል። ለወንድ ዘር ፈሳሽ የሚሠራው የአሲድ ፎስፋቴዝ ምርመራም ዕጣው ተመሳሳይ ነው፤ ኢንዛይሙ በመጠኑ በሴት ብልት ፈሳሽም ይገኛል። ስለዚህ ሁለተኛ እርከን ያስፈልጋል፦ ታካያማ እ.ኤ.አ. በ1912 ያስተዋወቀው የክሪስታል ምርመራ ደም መሆኑን፣ ኡለንሁት በ1901 ያሳየው የፀረ-ሴረም ምርመራ የሰው መሆኑን ይናገራሉ። የማን እንደሆነ የሚለየው ደግሞ ዲኤንኤ ነው።

ለመጀመሪያው እርከን ምን እንበለው? «ቅድመ ምርመራ» ጊዜውን ብቻ ይናገራል፤ በዚያ ላይ በወንጀል ሥነ ሥርዓት ከምናውቀው «ቀዳሚ ምርመራ» ጋር ይምታታል። ለኬሚስትሪው ቅርብ የሆነው «አመልካች» ነበር፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት ደጃፍ ሲደርስ አመልካች አቤቱታ ያቀረበ ሰው ነው። «አመልካች ምርመራው» ብሎ የጀመረን ዓረፍተ ነገር ሬጅስትራር እንዴት እንደሚያነበው ማሰብ ነው! የሚቀረውና ለእኔ የሚበልጠው «ጠቋሚ» ነው። ጠቆመ ማለት «እዚያ ጋ ተመልከት» አለ ማለት ነው፤ ጠቋሚ ጣት ያሳያል እንጂ አይጨብጥም። ከሁሉ በላይ ፖሊስ ቤት ገብቶ የተላመደ ቃል ነው። ጥቆማ ደረሰን ሲባል፣ ምርመራው ገና መጀመሩን ማንም ሰው ያውቃል፤ በጥቆማ ብቻ የተፈረደበትን ሰው ፍትሕ አገኘ የሚል የለም። ሮዝ የሆነችው ጥጥም የምትለው ከዚህ አይበልጥም።

«ጠቋሚ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ ነው፤ ቃሉ ይከረፋል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት አለው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ጥርጣሬው ጥቅም ነው። ጠቋሚን ሰምቶ ወዲያው የሚያምን የለምና፣ አንባቢው ቃሉን ሲያይ «ሌላስ ማስረጃ?» ብሎ ይጠይቃል። «በሕግ ልማድ ያ ሥር ሁልጊዜ ግምት ነው» የሚሉትንም ሕገ መንግሥቱ ይመልስላቸዋል፤ አንቀጽ 20 ስለ ተከሰሱ ሰዎች ሲናገር «እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር» አለ እንጂ ግምትን አልፈለገም። አማርኛ የባዕድ ሥር ባየ ቁጥር አንድ ቃል ብቻ የሚመዝዝ ድሃ ቋንቋ አይደለም። ይህ ሁሉ የቃል ጨዋታ ነው ለሚል ደግሞ የአውስትራሊያዋን ሊንዲ ቻምበርሌይንን ጉዳይ ማንሣት ይበቃል። ሕፃን ልጇ አዛሪያ እ.ኤ.አ. በ1980 ከኡሉሩ አጠገብ ጠፍታ፣ እናትየው በ1982 በነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። በመኪናዋ ውስጥ የሕፃን ደም ተገኘ ተብሎ ነበር። በ1987 የቀረበው የአጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት ግን ማስረጃውን ናደው፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ደም ተረጨ የተባለው ከፋብሪካ የተቀባ የድምፅ ማፈኛ ሆኖ ተገኘ። ቤተሰቡ ይኖርባት የነበረችው ማውንት አይዛ ደግሞ የመዳብ ማዕድን ከተማ ናት፤ አቧራዋም በኦርቶቶሊዲን የሚደረገውን ጠቋሚ ምርመራ ሊያሳስት እንደሚችል ታይቷል። በእርግጥ ስሕተቱ የዚህ ምርመራ ብቻ አልነበረም፤ የፀረ-ሴረሙም ሥራ ተተችቷል። ፍርዱ በ1988 ተሻረ፤ ልጅቷን ዲንጎ የተባለው የዱር ውሻ እንደወሰዳት መርማሪ ዳኛ ያረጋገጡት በ2012 ነው።

የሁለተኛው እርከን ስም አያጨቃጭቅም፤ «አረጋጋጭ ምርመራ» ጥሩ ነው። «ማረጋገጫ» የሚሉም አሉ፤ እሱ ግን ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ስለሚያስታውስ ባይመረጥ ይሻላል። ተርጓሚዎችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ሆይ፣ ጥጡ ከቀላ በኋላ ሌላ ምርመራ ካልተደረገ «ደም ነው» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ጠቋሚ ምርመራው ደም ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል፤ አረጋጋጭ ምርመራ አልተደረገም» ብላችሁ ጻፉ።