ለሕሙም የሚደገም ግጥም፦ የደብረ ታቦርና የደቡብ ጎንደር ደጋ ልማድ

ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ዙሪያ በተዘረጋው ደጋ፣ ማለትም ቀድሞ በጌምድር ይባል በነበረው ግዛት በደብረ ታቦር፣ በፋርጣ፣ በእስቴና በጋይንት፣ ግጥም ከሕሙም አጠገብ የቆየበት ዘመን ከዘመናዊ ሕክምና ዕድሜ እጅግ ይረዝማል። ግጥም ሲባል የግእዙ መዝሙር፣ መልክእና ዜማ፣ እንዲሁም በአማርኛ የሚንጎራጎረው የቃል ግጥም አብረው ይጠቃለላሉ። ሕመም የሰውን ቀንና ሌሊት ያዛባል፣ አካሉንም ከሚታመመው ቦታ በቀር ሌላ የሌለው ያህል ያደርግበታል፤ በዚህ አገር ለሕሙም የተደገመው ግጥም ያጽናና የነበረው የተዛባውን ጊዜና አካል መልሶ በልክ ስለሚሰፍርለት ነው።

የልማዱ መሠረት መዝሙረ ዳዊት ነው። 150ዎቹ መዝሙራት እያንዳንዳቸው አሥር መዝሙር በያዙ፣ «ንጉሥ» በሚባሉ 15 ክፍሎች የተከፈሉ ሲሆን፣ የሚደግማቸው ሰው በሳምንቱ ዕለታት አከፋፍሎ ያደርሳቸዋል። በቤቱ ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ካህን ወይም ዳዊት የደገመ ተማሪ ጠርቶ በአልጋው አጠገብ ያስደግማል፤ ሕመምተኛው ግእዝ ባይሰማም እንኳ የዕለቱን ክፍል በድምፁ ያውቀዋል፣ ማክሰኞን ከረቡዕ የሚለይበትም አንድ ምልክት ያገኛል። ግእዝ ለሚያውቀው ደግሞ 6ኛው፣ 37ኛውና 40ኛው መዝሙር የታመመ ሰው ድካሙንና የወዳጆቹን መራቅ ሳይደብቅ የሚናገርባቸው በመሆናቸው፣ የራሱን እሮሮ በተከበረ ቃል ተነግሮ ይሰማዋል።

ከዳዊት ቀጥሎ የሚደገመው መልክእ ነው። መልክእ የእመቤታችንን ወይም የአንድን ቅዱስ አካል ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር በየተራ በ«ሰላም» እየተሳለመ የሚያወድስ የግእዝ ግጥም ሲሆን፣ ከ15ኛው መቶ ዓመት ወዲህ በብዛት ተደርሷል፤ እያንዳንዱ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስንኝ አለው፣ ስንኞቹም በአንድ ቤት ይመታሉ፣ ብዙውን ጊዜም በልመና ይደመደማሉ። መልክአ ሚካኤል ወይም መልክአ ማርያም ሲደገምለት፣ የሚያዳምጠው ሰው ዓይን፣ ጆሮ፣ ጉሮሮ፣ ክንድና ልብ በቅደም ተከተል እየተጠሩ ሲከበሩ ይሰማል፤ ይህም ሥቃይ አንድ ቦታ ላይ ያሰረውን አሳቡን ወደ መላው አካሉ ይመልሰዋል። በብራና ተጽፎ በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት መለካቱም ከዚሁ አካልን በቃል ከመስፈር ልማድ ጋር ይዛመዳል።

ይህን ሁሉ የሚያውቁት ባለሙያዎች የወጡት ከአካባቢው የአብነት ትምህርት ቤቶች ነው። በጋይንት የሚገኘው ቤተልሔም ድጓ ለሚባለው ዜማ፣ ዙር አባ ደግሞ ለዝማሬና ለመዋስዕት ዜማዎች ማስመስከሪያ በመሆን ከመላው ኢትዮጵያ ተማሪ ሲስቡ ኖረዋል፤ መዋስዕት ለሙታን የሚደርስ ዜማ ስለሆነ፣ ለሕሙም ዳዊት የሚደግመው ሊቅ ሕመምተኛው ባይድን የመጨረሻውን ዜማ የሚያደርስለት እሱው ሊሆን ይችል ነበር። የዳነ ሰው በበኩሉ ስለቱን፣ ጧፍም ሆነ ጃንጥላ፣ ይዞ በክብረ በዓል ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። በዚያ በዓል የሚያገኘውም ማኅሌት የራሱ ልክ አለው፤ የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና የጀመሩት፣ ልጃቸው አለቃ ተክሌም በደብረ ታቦር አስተምረው ያስፋፉት የተክሌ ዝማሜ፣ ማለትም መቋሚያ ይዞ በዜማው ልክ የመወዛወዝ ሥርዓት፣ በዚህ ደጋ የማኅሌቱ መለያ ሆኖ ቆይቷል።

በወረርሽኝ ጊዜ ሕመሙ የአገር ስለሚሆን ቃሉም የጉባኤ ይሆናል። በ1858 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በጣና ዳር ሳለ ኮሌራ ስለገባበት ንጉሡ ሰፈራቸውን ወደ ደጋው ወደ ደብረ ታቦር አንሥተዋል፤ በእስር የያዙት ሐኪም ሄንሪ ብላንክም ስለ ወረርሽኙ ጽፏል። እንዲህ ያለ መቅሠፍት ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን የምታውጀው ምህላ፣ ማለትም የማኅበር ልመና፣ እግዚኦታን እየቆጠረ እስከ 41 ጊዜ የሚደጋግም ነው፤ መጨረሻው ለማይታወቅ መከራ ሕዝቡ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ቃል ይዞ ይቆምበታል።

ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ያለውን የማጽናናት ሥራ የያዙት ሴቶች ናቸው። ምጥ የያዛትን ጎረቤቶቿ ማርያምን እየተማጸኑ ይከቧታል፣ ስትገላገል በእልልታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏታል፤ የታመመ ሕፃንም በእሹሩሩ ይባበላል። እነዚህ ግጥሞች ብራና ላይ ስላልሰፈሩ ታሪካቸው ከአፍ ወደ አፍ ብቻ ተላልፏል።

የዚህ ልማድ ጠባይ ከሌላ አገር ጋር ሲነጻጸር ይለያል፤ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጃክ ሊዲ ግጥምን ለሕክምና ስለማዋል ያዘጋጀው መጽሐፍ በ1969 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ በዚያ አገር ግጥም የሚመረጠው ታካሚው የውስጡን አውጥቶ እንዲናገር ለመርዳት ነበር። በጉና ግርጌ ግን ታማሚው እንዲናገር አይጠበቅበትም፤ ሌላው እየደገመለት እሱ ያርፋል። ልማዱ መድኃኒትን የተካ አልነበረም፣ ዳዊት ከሚደግሙት ደብተራዎች፣ ማለትም ቅስና ሳይቀበሉ በዜማ ከሚያገለግሉት ሊቃውንት፣ ሥር የሚምሱና ቅጠል የሚያውቁም ነበሩና። ዛሬ የመልክኦች ስብስብ የሆነው መልክአ ጉባኤ በኅትመት ስለተስፋፋ ሕመምተኛ መጽሐፉን ራሱ ይዞ ሊያነብ ይችላል፤ የሚደግምለት ሰው ከአልጋው አጠገብ ካልተቀመጠ ግን ከግጥሙ የሚደርሰው ቃሉ ብቻ ነው፣ የልማዱ ዕድሜም ከመጻሕፍቱ ብዛት ይልቅ ደጋሚ በሚያወጡት የአብነት ትምህርት ቤቶች መቀጠል ላይ የተመሠረተ ነው።