የአደራ ልጅ ጤና የማን ኃላፊነት ነው?

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ አበው። አደራ የተቀበለ ሰው የተቀበለውን ሳያጎድል ጠብቆ የመመለስ ግዴታ አለበት። አደራው ልጅ ሲሆን ግን ግዴታው ከመጠበቅ ያልፋል፤ ልጅ በአደራ ሳለም ያድጋል፣ ይታመማል፣ መታከምም ይኖርበታል። ወላጆቹ ሊያሳድጉት ባለመቻላቸው መንግሥት ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት በሌላ ቤተሰብ ዘንድ ያስቀመጠውን ልጅ ጤና የሚከታተለው እንግዲህ ማን ነው? የጥያቄው ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ልጆችን በቤተሰብ ዘንድ የማስቀመጥ ሥራ የተስፋፋው ቻርልስ ሎሪንግ ብሬስ በ1853 በኒው ዮርክ ባቋቋመው የሕፃናት ረድኤት ማኅበር አማካይነት ነው። በዚህ ማኅበርና ፈለጉን በተከተሉ ሌሎች ድርጅቶች አማካይነት ከ1854 እስከ 1929 ድረስ 200,000 ያህል እንደሚደርሱ የሚገመቱ ልጆች ከምሥራቅ ከተሞች በባቡር ወደ ገጠር ተልከዋል። ዋናው አሳብ ለልጁ ቤት ማግኘት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቢታመም መታከሙ በአብዛኛው በተቀባዩ ቤተሰብ ደግነት ላይ የተመሠረተ ነበር።

ይህን ሥራ ከሕክምና ጋር ካቀናጁት ቀደምት ሰዎች አንዱ የኒው ዮርኩ የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ሄንሪ ድዋይት ቻፒን ነው። ቻፒን በሆስፒታልና በማሳደጊያ ተቋማት ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ጨቅላዎች እየመነመኑ የሚሞቱ መሆናቸውን ተመልክቶ፣ በ1902 በኒው ጀርሲ ግዛት በሞሪስታውን የስፒድዌልን ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ ሕፃናቱን በአካባቢው ቤተሰቦች ዘንድ እየከፈለ ሲያስቀምጥ፣ ሐኪምና የሠለጠነች ነርስ ይከታተሏቸው፣ አሳዳጊዎቹንም ይመክሩ ነበር። ቻፒን በ1915 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ለሕፃናት የማሳደጊያ ተቋም ያስፈልግ እንደ ሆነ እስከ መጠየቅ ደርሷል። ከሥራው የሚገኘው ትምህርት ቤተሰብ ብቻውን ወይም ሐኪም ብቻውን የማይበቃ መሆኑ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ኃላፊ ያስፈልጋል።

ይህ ኃላፊ ሲጠፋ የሚደርሰውን ጉዳት በብሪታንያ የደረሰው የዴኒስ ኦኒል ሞት አሳይቷል። ይህ የ12 ዓመት ልጅ በዌልስ የምትገኘው የኒውፖርት ከተማ አስተዳደር በእንግሊዝ በሽሮፕሺር አውራጃ ባስቀመጠው እርሻ ቤት፣ በምግብ እጦትና በድብደባ ተጎድቶ ጥር 9 ቀን 1945 ሞተ። ሰር ዋልተር ሞንክተን ያካሄዱት ምርመራ፣ ልጁን የላከውና ልጁ የሚኖርበት አስተዳደር ኃላፊነቱን በሚገባ ሳይለዩ ክትትሉ መጓደሉን ገለጸ። የኩርቲስ ኮሚቴ በ1946 ሪፖርቱን ካቀረበ በኋላ የ1948ቱ የሕፃናት ሕግ ወጣ፤ በየአካባቢው አስተዳደርም ለእነዚህ ልጆች ተጠያቂ የሚሆን ኮሚቴና አንድ ሹም እንዲኖር ተደነገገ።

ሆኖም ሹም መሾም ብቻውን የጤናውን ችግር አይፈታም። የአደራ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ የሚወጣው ከጉስቁልና በኋላ ስለ ሆነ፣ ክትባቱ ያልተሟላ፣ ጥርሱ ያልታከመ፣ መንፈሱም የተጎዳ ሊሆን ይችላል። ከአንዱ አሳዳጊ ወደ ሌላው በተዘዋወረ ቁጥር ሐኪሙ ይለወጣል፤ የሕክምና መዝገቡም በመንገድ ይቀራል። አዲሷ አሳዳጊ ልጁ የትኛውን መድኃኒት እንደማይስማማው ስትጠየቅ መልስ የላትም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት በ1995 በሎስ አንጀለስ፣ በኒው ዮርክና በፊላዴልፊያ ስለሚገኙ ጨቅላ የአደራ ልጆች ባወጣው ሪፖርት፣ ከመቶ 12ቱ መደበኛ የጤና ክትትል፣ ከመቶ 34ቱ ደግሞ ምንም ክትባት አለማግኘታቸውን አስታወቀ።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጁ ወደ አደራ ቤተሰብ በገባ በ72 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ ምርመራ፣ በ30 ቀን ውስጥ ሙሉ ምርመራ፣ ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜም ተከታታይ ምርመራ እንዲደረግለት ይመክራል። በ2008 የወጣው የፌዴራል ሕግም ግዛቶች ከሕፃናት ሐኪሞች ጋር እየተመካከሩ የእነዚህን ልጆች ጤና የሚከታተሉበትን ዕቅድ እንዲያወጡ አስገድዷል። በዚህም ቻፒን በአንዲት ከተማ የሞከረው ቅንጅት፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የአገር ሕግ ሆነ ማለት ይቻላል።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ባለሙያዎችም የሚጠቅም ትምህርት አለው። የሰው ልጅ ተቀብሎ ማሳደግ ለሕዝቡ እንግዳ አይደለም፤ የጡት ልጅና ማደጎ የቆዩ ልማዶች ናቸው። በ2018 የወጣው አዋጅ የውጭ አገር ሰዎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ ወላጅ ያጡ ልጆች ተስፋ ይበልጡን በአገር ውስጥ ቤተሰብ ላይ ሆኗል። ደግ ቤተሰብ አይጠፋም። ነገር ግን ደግነት የክትባት ካርድ አይተካም። ልጁን የሚያስረክበው ሠራተኛ የሕክምና መዝገቡንም አብሮ ካላስረከበ፣ ተቀባዩም ሐኪም ካላሳየው፣ አደራው ገና ሲጀመር ጎድሏል።