ጎሬ፤ በተራራ ላይ የኖረች የወደብ ከተማ

ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሸንተረር ላይ የተቀመጠችው ጎሬ፥ ዙሪያዋን ደንና የቡና ጥላ ከቧት፥ የዓመቱ ዝናም ሳይሰስትባት፥ ከአዲስ አበባም በበቅሎ የብዙ ቀን ጎዳና ርቃ ስትኖር፥ ጠባይዋ የወደብ ከተማ ጠባይ ነበረ፤ መርከብ የምትጠብቅ፥ የወንዝ ሙላት የምትቈጥር፥ ባዕድ ነጋዴና ቆንሲል በገበያዋ የሚመላለስባት አገር ነበረችና።

የዚህም ምክንያቱ ባሮ ነው። ይህ ወንዝ ከደጋው ወርዶ ቆላውን አቋርጦ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይሆናል፤ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ፥ ነጭ ዓባይም ወደ ካርቱም ያደርሳል። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት የወሰን ውል፥ በኢታንግ አጠገብ በባሮ ዳር፥ የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር፥ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ቦታው ግን ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውል፥ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና በውሉ ተወሰነ። ጣቢያውም ከኢታንግ ወደ ላይ በጋምቤላ ተመሠረተ። በዚያ ወራት ኢሉባቦርን ይገዙ የነበሩት፥ በ1890 ዓ.ም. ሠራዊታቸው እስከ ነጭ ዓባይ ዳርቻ የደረሰላቸው፥ ኋላም የልጅ ኢያሱ እንደራሴ ሆነው በ1903 ዓ.ም. ያረፉት ራስ ተሰማ ናደው ናቸው፤ መቀመጫቸውም ጎሬ ነበረች።

ንግዱ በውኃው ሥርዓት ይመራ ነበር። መርከብ ከካርቱም ወደ ጋምቤላ ሊወጣ የሚችለው ባሮ በሚሞላበት ጊዜ፥ ከሰኔ ገደማ እስከ ጥቅምት ብቻ ስለ ነበረ፥ ቡናው፥ ሰሙና ቆዳው በበጋ በአጋሰስና በሰው ሸክም ከጎሬ በቡሬ በኩል ቁልቁል ወርዶ፥ በጋምቤላ መጋዘን ተከማችቶ ክረምትን ይጠብቃል፤ መርከቡም ሲደርስ ጨውንና የጥጥ ጨርቅን አራግፎ ቡናውን ይጭናል። በሌላው አገር ክረምት ሲራራውን ወንዝ አግዶ የሚያስቀምጥበት የመከራ ወራት ሲሆን፥ ለጎሬ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ግን የገበያ መክፈቻ ነበረ።

ይህ የምዕራብ በር ለመንግሥትም መጠጊያ ሆነ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በኢጣሊያ ወረራ ምክንያት ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ውጭ አገር በሄዱ ጊዜ፥ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት በጎሬ ተቀመጠ፤ ራስ እምሩም ወደዚያው መጡ። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ግን ጠላት ከተማይቱን ያዘ። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የነበሩት ብፁዕ አቡነ ሚካኤልም፥ እንደ ባልንጀራቸው ጳጳስ እንደ አቡነ ጴጥሮስ ሁሉ፥ ለጠላት አልገዛም ብለው በጎሬ ሰማዕትነትን ተቀበሉ።

የጋምቤላ ጣቢያ ዕድሜ በውሉ እንደ ተጻፈው አከተመ፤ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ኪራዩ ፈረሰ፥ በጥቅምትም 1949 ዓ.ም. ቦታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። አስቀድሞም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር የአገሪቱን ንግድ ወደ ምሥራቅ ስቦት ነበር። ጋምቤላ ከተመለሰች በኋላም የኢሉባቦር የአስተዳደር መንበር ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ።

ስለዚህ ዛሬ ጎሬን ለማየት የሚሄድ ሰው፥ የሩቅ ጠረፍ ከተማ ብሎ ከማዘኑ በፊት፥ ከየት ነው የምትርቀው ብሎ ይጠይቅ፤ መሬቱ ሳይነቃነቅ ቅርቡን ሩቅ ያደረገው የበሩ መዘጋት ነውና። ለዚህ ምስክሩ ውኃው ራሱ ነው። ተጓዡ ከመቱ በበቾ በኩል ወጥቶ በደኑ መካከል የሚወረወረውን የሶር ፏፏቴ ቢያይ፥ ያ ውኃ ወደ ገባ፥ ገባም ከብርብር ጋር ተጋጥሞ ባሮ እንደሚሆን ይወቅ፤ ከዚያም በቡሬ ቁልቁለት ወደ አኝዋኮች አገር ወደ ጋምቤላ ቢወርድ፥ የቡናውን ጎዳና እስከ ወደቡ ድረስ ተከትሎ የጎሬን ታሪክ በቅደም ተከተሉ ያነበዋል።