8000 ዋት

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ጊዜው የቅበላ ሳምንት ነው። እህቴ ከሜሪላንድ መጣች። ሻንጣ ሲከፈት እንደምታውቁት ነው፤ ቤቱ ይሞላል። ቫይታሚኑ ወጣ፣ ሎሽኑ ወጣ፣ ለጎረቤት ልጆች የሚታደለው ጫማ ወጣ። ከሁሉም ሥር ግን በሁለት ፎጣና በአንድ ሹራብ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ነበረ። እህቴ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ አወጣችው። ብሌንደር!

«እማዬ፣» አለች፣ «ከእንግዲህ ሙቀጫ አትነኪም።»

እማዬ የሁዳዴን 55 ቀን የምታልፈው በሱፍ ነው። ሱፍን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ልጣጩ አጥንት ነው። ተለቅሞ፣ ለብ ለብ ተደርጎ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ያ ሁሉ ድካም የሚያልቀው አንድ ጎድጓዳ ሳህን ወተት በመሰለ ነገር ነው። እንጀራ ተፈትፍቶበት ቃሪያና ሽንኩርት ጣል ሲደረግበት እኛ በአምስት ደቂቃ እንጨርሰዋለን፤ የእማዬ ትከሻ ግን እስከ ማታ ያማታል። እህቴ ባሕር ማዶ ሆና ያሰበችው ያንን ትከሻ ነው። ዕቃው አንድ ወር የሠራችበትን ሳይበላ አልቀረም።

ሶኬቱ የአሜሪካ ነው፣ ጠፍጣፋ እግር። እሷ ግን አስባበታለች፤ ማስማሚያ ገዝታ መጥታለች። ሱፉ ገባ፣ ውሃው ገባ፣ ክዳኑ ተጫነ። እማዬ አማተበች። እህቴ ቁልፉን አዞረች።

እናንተዬ! እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ጠረጴዛው ተነሣ፣ ድመቷ በመስኮት ወጣች። ሁለት ሰከንድ፣ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ «ጧ!» አለና ዝም። ከሥሩ ሰማያዊ ጢስ ቀስ እያለ ወጣ፤ ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ማንም አልተናገረም። በመጨረሻ እማዬ ሱፉን ከጆጉ ወደ ሙቀጫው ገለበጠችና «ልጄ ደህና ገብተሽልኛል፤ ዕቃው ይቅር» አለች።

እህቴ አለቀሰች። «ስልኬ በዚሁ ማስማሚያ ይሠራ የለ?» እያለች። ስልኳማ ይሠራል። የስልክ ቻርጀር ሆዱ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ተጽፎበታል፤ የሰጡትን ይበላል። ይኼኛው የተጻፈበት ግን 120 ነው፣ የእኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220። ማስማሚያው የሶኬቱን እግር እንጂ መብራቱን አይለውጥም።

ያን ቀን ባውቅ ኖሮ አንድ ነገር ብዬ አጽናናት ነበር፤ ሰው ፊት ሲያሳዩት እምቢ ማለት ለዚህ ዕቃ የዘር ነው። እስቲ ወደ ዘሩ ታሪክ ልውሰዳችሁ፣ ቡናውም ገና ነው።

ምላጩን ከጆጉ ሥር አድርጎ መጀመሪያ ያሰበው ስቴፈን ፖፕላውስኪ የሚባል የፖላንድ ተወላጅ ነው፤ አገሩ አሜሪካ ዊስኮንሲን፣ ከተማው ራሲን፣ ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር 1922። ራሲን የሆርሊክ የብቅል ወተት ይመረትባት የነበረች ከተማ ናት፤ ሰውዬውም ያሰበው ይኸንኑ መጠጥ መምታት ነው። ቆይቶ ፍሬድ ኦሲየስ የሚባል ፈልሳፊ ዕቃውን አሻሻለና በ1936 ገንዘብ ፍለጋ ወጣ። የሄደው ባንክ እንዳይመስላችሁ። ፍሬድ ዋሪንግ የሚባል፣ በሬዲዮ ስሙ የገነነ የሙዚቃ ባንድ መሪ ጋ ነው። ይህን ተአምር እይልኝ ብሎ ቢያሳየው፣ ዕቃው አልሠራም! እንደ እህቴ። ዋሪንግ ግን ሐሳቡ ገብቶታል፤ 25,000 ዶላር ያህል አፈሰሰበት። በ1937 ቺካጎ በተካሄደ የምግብ ቤቶች ኤግዚቢሽን ላይ ብቅ ሲል ዋጋው 29 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር። ባንድ መሪው በየሄደበት ከተማ እያስተዋወቀ በየመጠጥ ቤቱ አስገባው። ከዚያም ላቦራቶሪ ገባ፤ ዮናስ ሳልክ የፖሊዮ ክትባት ሲመራመር ከተጠቀመባቸው ዕቃዎች አንዱ ይኸው ነው። በዚያው ዘመን ኦሃዮ ውስጥ ፓፓ ባርናርድ የሚሉት የጤና ምግብ ነጋዴ በ1949 ቴሌቪዥን ላይ ቆሞ እየፈጨ እየቀመሰ ይሸጥ ነበር። እሱ መጠጥ ብቻ አላለም፤ እህሉንም፣ አትክልቱንም ፍጩበት አለ። ለኛ ቤት የሚቀርበው የእሱ ሐሳብ ነው።

ወደ ጢሱ እንመለስ።

በማግስቱ ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥዬ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አካባቢ ሞተር የሚጠቀልሉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ሱቃቸው አንድ ክንድ ተኩል ነው። የውሃ ፓምፕ፣ የአየር ማራገቢያ፣ የጁስ ቤት ብሌንደር እንደ በግ ጭንቅላት ተደርድሮ ተራውን ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ ይድናል?»

«ምን አበላችሁት?»

«ሁለት መቶ ሃያ።»

«የሱ ቀለብ መቶ ሃያ ነው» አሉ መነጽራቸውን እያወረዱ፤ «ጠግቦ ሞቷል።»

ከፈቱት። ቦርዱ ከሰል ሆኗል፣ የሞተሩ ጥቅል ጠቁሯል። ሞተሩንስ ለ220 ይጠቀልሉታል፤ ቦርዱ ግን እዚህ አይገኝም። «ሳታበሩት በፊት መጥተሽ ቢሆን ኖሮ 2000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ግዢ እልሽ ነበር» አሉኝ። አንዱን በእግራቸው ገፋ አድርገው አሳዩኝ፤ ከብሌንደሩ ይከብዳል። እማዬ ጓዳ ውስጥ የት ይቀመጣል?

እኔም ሞኝነቴን ዘረገፍኩት። በመንገዴ ላይ አንድ ሱቅ ደጃፍ ካርቶኑ ላይ 8000 ዋት የሚል ብሌንደር እንዳየሁ፣ ዋጋውም ደህና እንደሆነ፣ የእህቴን ጉድ እሱ እንደሚያስረሳት ነገርኳቸው።

ሽማግሌው ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነ፤ ውሃ ጠጡ።

«ቤታችሁ የመብራት ምጣድ አለ?»

«አለ።»

«ስንት ይበላል?»

«ከ3000 እስከ 4000 ዋት ነው መሰለኝ።»

«ስትጋግሪ ቆጣሪው እንዴት ይሆናል?»

«ይበራል እንጂ!»

«ታዲያ አንቺ ብርቱካን ለመፍጨት ሁለት ምጣድ ባንዴ ልትጥጂ ነው?»

እርሳስ አንሥተው ካርቶን ላይ ጻፉ። የግድግዳው ሶኬት ቢበዛ 16 አምፔር ነው የሚችለው። 16 በ220 ሲባዛ 3520። ያቺ ሶኬት ከዚህ በላይ ልስጥ ብትል ትቀልጣለች። ታዲያ 8000ው በየት በኩል ይገባል? ከመደርደሪያቸው ላይ እንዲያ ያለ ካርቶን ለብሶ የመጣ አንድ ሬሳ አወረዱ፤ ሞተሩ በጡጫቸው ውስጥ ገባ።

እኔ ደግሞ ቤት ገብቼ የአሜሪካኖቹን አሰላሁ። እነሱ በፈረስ ጉልበት ነው የሚጽፉት፤ አንዱ ፈረስ 746 ዋት ነው። የቤታቸው የተለመደው ሶኬት 15 አምፔር በ120 ቮልት፣ 1800 ዋት፤ ይኸውም ሁለት ፈረስ ተኩል እንኳ አይሞላም። ሦስት ፈረስ ብሎ የሚጽፍ ካለ፣ ሞተሩ ሲነሣ ለቅጽበት የሚዘልላትን ዝላይ እየቆጠረ ነው፤ ሩጫውን አይደለም። ስሙ የገነነው ቫይታሚክስ 5200 የሚባለው ብሌንደር እንኳ ሰሌዳው ላይ ያለው 11.5 አምፔር ነው፤ በ120 ሲባዛ 1380 ዋት። በዚህችው ጉልበት ነው ለውዝ ቅቤ የሚያደርገው፣ ሾርባን ያለ እሳት በመፋተግ ብቻ የሚያሞቀው።

ሽማግሌው ያስተማሩኝ ግን ከዋቱ በኋላ ያለውን ነው። «ካርቶን አታንብቢ፤ ገልብጪው» አሉኝ። ከሥሩ የተለጠፈች ብርማ ሰሌዳ አለች፤ ካርቶኑ የሚፎክረውን እሷ ዝቅ ባለ ድምፅ ታስተባብላለች። ቮልቱና ዋቱ እዚያ አለ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ «ኬቢ» የምትል ሁለት ፊደል አለች፣ አጠገቧ ደቂቃ። ጀርመኖች ናቸው ያመጧት፤ ዕቃው ሳያርፍ የሚሠራበት ጊዜ ማለት ነው። የዚያ የሬሳው ሰሌዳ ኬቢ 1 ደቂቃ ይላል። አንድ ደቂቃ! ለስፕሪስ አቮካዶ መምታት ይበቃል። ሱፍን በአንድ ደቂቃ ጨርሺ ቢሏት እማዬ በሙቀጫው ትስቅባቸዋለች።

ከዚያ ስለ ጆጉ ያወሩኝን መቼም አልረሳው። ጆጉ ክብና ልሙጥ ከሆነ ሱፉ ከምላጩ ጋር አብሮ ይዞራል። «አብሮ የሚሮጥ ደግሞ አይመታም» አሉ። ስለዚህ ውስጡ ማዕዘን ወይም ጎርበጥ ያለ ጎድን ይኑረው፤ ሽክርክሩ እዚያ ሲጋጭ ተሰብሮ ተመልሶ መሐል ይወድቃል። አፉ ሰፊ ሥሩ ጠበብ ያለም ይሻላል፤ በሰፊ ጆግ ውስጥ አንድ ስኒ ሱፍ ዳር ዳሩን ይለጠፍና ምላጩ አየር ሲመታ ይውላል። ወፍራም ነገር ሲሆን መሐሉ ላይ አየር ይቋጥራል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ከላይ ያለው ንቅንቅ አይልም። ለዚያ በክዳኑ ቀዳዳ የሚገባ መግፊያ ዱላ ያለውን ፈልጊ አሉኝ።

«ስለቱስ?» አልኩ ምላጩን በጣቴ ነክቼ፤ ደነዝ ነው።

«ዘነዘና ስለት አለው እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። ምላጩ ጫፍ ለጫፍ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና በደቂቃ 20,000 ጊዜ ቢዞር፣ ጫፉ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በዚያ ፍጥነት የሚመጣ ብረት መቁረጥ አያስፈልገውም፤ ይሰብራል።

ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባል የለ? የዚህ ዕቃ ጠጠር ደግሞ ሞተሩንና ምላጩን የምታያይዘው መጋጠሚያ ናት። ጎማ ስትሆን ትላጣለች፣ ፕላስቲክ ስትሆን ጥርሷ ይረግፋል፤ ሽማግሌው የብረቷን መረጡልኝ። ካርቦኑና ኩሽኔታው ግድ የለም፣ እሱን እኔ እለውጥልሻለሁ አሉ። የሂሳብ ጥያቄዬንም «የለቅሶ ቤት ሂሳብ አልቀበልም» ብለው ሸኙኝ።

ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አንዱ ልጅ «እናቴ፣ ድምፁን ስሚው!» ብሎ ባዶውን አስጮኸልኝ። ባዶውንማ ሁሉም ይጮኻል። «በረዶ ጨምርበት» ስለው በረዶ የለም አለ። «ገልብጥልኝና ሥሩን ልይ» ስለው እንደ ሌባ አየኝ። አራተኛው ሱቅ ላይ ያገኘኋቸው ሴትዮ ግን ሳልጠይቃቸው ገለበጡት። 220 ቮልት፣ 1500 ዋት፣ ኬቢ 3 ደቂቃ። መጋጠሚያው ብረት፣ ጆጉ ጎድን ያለው። ካርቶኑ ላይ ፉከራ የለም፤ የአንዲት ሳቂታ ሴት ፎቶ ብቻ። ገዛሁት። ዋጋውን ለእማዬ ግማሹን ነገርኳት፤ እሱም በዛባት።

የመጀመሪያው ቀን ሱፍ ወተት ሆኖ ወረደ፤ ጨርቁ ላይ የቀረው ገለባ ከእፍኝ አይበልጥም። እማዬ በጣቷ ነክታ ቀመሰች፣ ደገመች። «ድካም የለውምና ጣዕሙ ቀለል ይላል» አለች። ሳህኑን ግን ጨረሰችው።

ችግር አልነበረም አልልም። በሦስተኛው ቀን የፈላ የድንች ሾርባ እስከ አፉ ሞልቼ ክዳኑን ግጥም አደረግሁ። እንፋሎቱ መውጫ አጣና ክዳኑን ይዞት ወጣ፤ ነጠብጣቡ እስከ ዛሬ ኮርኒሱ ላይ አለ። ትኩስ ነገር ሲሆን ጆጉ ይጉደል፣ ከክዳኑ እምብርት ላይ ያለችው ቡሽ ትውጣ፣ ከዝቅተኛው ፍጥነት ይጀመር። በርበሬን እማዬ ከደጁ አላስደረሰችውም፤ ፕላስቲኩ ሽታ ይይዛል፣ በርበሬዋ እንደ ድሮው ወፍጮ ቤት ትሄዳለች። የአሜሪካው ጆግ አልተጣለም። ሱፉ የሚቀዳው በሱ ነው፤ እህቴ በቪዲዮ ስትደውል እማዬ ሆን ብላ ካሜራው ፊት ታደርገዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኝ ነበር፤ ያቺ 3 ደቂቃ። እማዬ ሰዓት አታይም፣ ሞተሩም አይለምንም። አንድ ቀን ከጓዳው ደጃፍ ቆሜ አዳመጥኳት። ቁልፉን አዞረችና እጇን ክዳኑ ላይ ጫነች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አቡነ ዘበሰማያት፣ ከነ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤሉ፣ ሦስት ጊዜ። በስልኬ ለካሁት፤ ሁለት ደቂቃ ከምናምን። ሦስተኛው ላይ «አሜን» አለችና አጠፋችው፣ ክዳኑን መታ መታ አድርጋ «በል አንተም እረፍ» ብላ ወደ ቡናዋ ዞረች።