ስድስት እግር ተክልና ሁለት መንግሥት

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በቀድሞው የበጌምድር ጠቅላይ ግዛት፣ ላሊበላ ዋሻ የሚባል ሥፍራ አለ። ስሙ ይመሳሰል እንጂ የላስታው ላሊበላ አይደለም። ከዚያ ዋሻ በቁፋሮ ከወጡት ዕቃዎች መካከል ከሸክላ የተሠሩ የጋያ ራሶች ይገኙበታል። ቫን ደር መርወ የተባሉት ተመራማሪ መርምረዋቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጽሑፍ፣ በ13ኛው ወይም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሐሺሽ የተጨሰባቸው መሆኑን ገለጹ። ትምባሆ ከአሜሪካ ገና ባልመጣበት ዘመን ማለት ነው።

እንግዲህ ተክሉ ለአገራችን ጥንታዊ ነው። በጽሑፍ የሰፈረው ዘመናዊ ክልከላ ግን የቅርብ ጊዜ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መርዝንና አደንዛዥ ዕፅን ያለ ፈቃድ ማዘጋጀትንና ማሰራጨትን ቀጣ። ከዚያም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ1961ዱ ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት አባል ሆነች። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 525 ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያመርተውንና የሚነግደውን ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል።

ይህ ሕግ የጸናው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር፣ ግንቦት 29 ቀን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚሁ ተክል ጉዳይ ዝነኛ ፍርድ ሰጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካሊፎርኒያ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1996 ድምፅ ሰጥቶ ሕሙማን በሐኪም ምክር ማሪዋና እንዲጠቀሙ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ ግን እንደከለከለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ዳያን ሞንሰን ከተባለች ሕመምተኛ ቤት የአካባቢውና የፌዴራሉ ፖሊሶች አብረው መጡ። የአካባቢዎቹ «በካሊፎርኒያ ሕግ ጥፋት የለባትም» አሉ። ሦስት ሰዓት ከፈጀ ውዝግብ በኋላ የፌዴራሎቹ ስድስት እግር ተክሏን ነቅለው አወደሙት። ሞንሰንና አንጀል ሬይች ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ለፌዴራሉ መንግሥት ፈረደ። በጓሮ ለራስ የሚተከል እንኳ የአገሪቱን ገበያ ስለሚነካ በኮንግረሱ ሥልጣን ሥር ነው አለ።

ሆኖም ካሊፎርኒያ ሕጓን አላጠፋችም። ሌሎችም ተከተሏት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ኮሎራዶና ዋሽንግተን ለመዝናኛም ጭምር ፈቀዱ። እንዴት ቻሉ ቢባል፣ በአሜሪካ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱ የወንጀል ሕግ፣ የራሱ ፖሊስና የራሱ ዳኛ አለው። የራሱን ክልከላ ሲያነሳ ፌዴራሉ መንግሥት «የእኔን ሕግ በፖሊሶችህ አስከብርልኝ» ብሎ ሊያስገድደው አይችልም።

ለመሆኑ በእኛስ አገር? በአዊ ዞን አዘና ላይ ድንችና ገብስ የሚያመርት አንድ ገበሬ እናስብ። ይህ ሰው በተለያዩ ምክር ቤቶች ሥር ይኖራል፤ እንጅባራ የብሔረሰብ አስተዳደሩ፣ ባሕር ዳር የክልሉ፣ አዲስ አበባ የፌዴራሉ ምክር ቤት አሉበት። መሬቱን የሚያስተዳድርለት ክልሉ ነው። እንግዲያው ባሕር ዳር ለገመድና ለጨርቅ የሚሆነውን ሄምፕ እንዲዘራ ብትፈቅድለት ይበቃዋልን?

አይበቃውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 5 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል። ክልሎች የወንጀል ሕግ ማውጣት የሚችሉት በፌዴራሉ ሕግ በግልጽ ባልተሸፈነ ጉዳይ ላይ ብቻ ነው። አንቀጽ 9 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ክልሉ ቢፈልግ እንኳ የሚያነሳው የራሱ ክልከላ የለውም። የክልሉ ፖሊስ የሚይዘው፣ ዓቃቤ ሕጉ የሚከሰው፣ ዳኛውም የሚፈርደው በዚያው በአንቀጽ 525 ነው። ጫት በክልሉ በግልጽ የሚመረተውም የፌዴራሉ የወንጀል ሕግ ስላልከለከለው ነው እንጂ ክልሉ በተለየ ሥልጣን ፈቅዶት አይደለም።

የትኛው ይሻላል? የአሜሪካኖቹ መንገድ አንዱ ክፍለ ሀገር ሞክሮ ሌላው እንዲማርበት ዕድል ይሰጣል፤ ዋጋውን ግን እንደ ሞንሰን ያለው ሰው ይከፍላል፤ አንዱ መንግሥት የፈቀደለትን ሌላው ይነቅልበታል። የእኛው ግልጽ ነው፤ ገበሬው በሁለት ሕግ መካከል አይወድቅም። ነገር ግን በአካባቢው ሊጠቅም የሚችል ነገር ቢኖርም እንጅባራም ሆነ ባሕር ዳር በራሳቸው ሊሞክሩት አይችሉም።

በአሜሪካም ቢሆን የሄምፕ ገበሬ ከፌዴራሉ ክስ የዳነው ክፍለ ሀገሩ ስለፈቀደለት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኮንግረሱ ራሱ፣ የማስከሪያ ንጥረ ነገሩ ከመቶ 0.3 የማይበልጠውን ተክል ከተከለከሉት ዝርዝር ስላወጣለት ነው። ስለዚህ ነገ አንድ ሰው አዘና ድረስ ሄዶ «ክልሉ ይፈቅድልሃል፣ ዝራ» ቢለው፣ ገበሬው ከዘሩ በፊት የአዲስ አበባውን ፈቃድ አሳየኝ ይበል። የሚጠብቀው ቅጣት ቢያንስ አምስት ዓመት ነውና።